«የጣሊያን ነው» ሲሏችሁ አትቸኩሉ፦ አሮጌ የአናጺና የመካኒክ ዕቃ ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ ማዳበሪያ ላይ ከተዘረጋ አሮጌ ብረት መሀል አንድ መፍቻ አንሡ። ሻጩ ገና ሳትጠይቁት «የጣሊያን ነው» ይላችኋል። መጋዙም የጣሊያን፣ ሞርሳውም የጣሊያን። ከተማዋ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ስለነበረች ወሬው ለጆሮ ይጥማል። ፒያሳ ያለው ሕንፃ የጣሊያን ስለሆነ ግን መዶሻው የጣሊያን አይሆንም። ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ብረቱን ትቶ ወሬውን መግዛት።

ላምባ የነካ ጨርቅ ያዙና ቆሻሻውን ጠረግ አድርጉ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አዘንብላችሁ እዩት። ሦስት አጫጭር መስመሮች አንድ ጫፍ ላይ የሚገናኙባት ትንሽ ቀስት ካገኛችሁ፣ ዕቃው የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ነበር ማለት ነው፤ በአብዛኛው የጦሩ። ብዙ ጊዜ ዓመቱም አጠገቧ ተመትቶ ይገኛል። 1941 (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ቢል እንኳ «ጎንደርን ካስለቀቀው ጦር ጋር የመጣ ነው» ብላችሁ አትደምድሙ። ከጦርነቱ በኋላ የሠራዊት ትርፍ ዕቃ በየአገሩ ተቸብችቧል። «ዌስት ጀርመኒ» የሚል ከሆነ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1949 በፊት ሊሠራ አይችልም፤ እንዲህ የሚባል አገር አልነበረማ። «አያቴ ከጣሊያን የማረኩት ነው» በተባለ ፒንሳ ላይ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ ሻጩን አታሳፍሩት። ዋጋውን ብቻ ዝቅ አድርጉ።

የተጻፈውን ሁሉ የፋብሪካ ስም አድርጎ መውሰድም አለ። «ክሮም ቫናዲየም» የብረቱ ዓይነት ነው፤ «ድሮፕ ፎርጅድ» የተቀጠቀጠበት መንገድ። ሁለቱም ከምርጡም ከርካሹም ላይ ይገኛሉ። መጋዝ እጀታ ላይ ያለችው «ዋራንትድ ሱፒሪየር» የምትል ክብ ነሐስም ብዙ ፋብሪካዎች የተጠቀሙባት ናት፤ ማን እንደሠራው አትነግራችሁም።

ቁጥርም ያሳስታል። ስታንሊ በተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የተሠራ የአንዳንድ መላጊያ ምላጩ ሲነሣ፣ አካሉ ላይ እ.ኤ.አ. 1902 ወይም 1910ን የሚያመለክት ቀን ይታያል። እሱ የፈጠራ መብቱ የተሰጠበት ቀን ነው፤ መላጊያው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶም ሊሠራ ይችላል። ምላጩ ላይ ያለው ማህተም ደግሞ የሚመሰክረው ለምላጩ ብቻ ነው። ምላጭ ያልቃል፣ ይቀየራል። የድሮ የእንግሊዝ መፍቻ ላይ 1/4 ቀጥሎ ደብልዩ (W፣ ዊትዎርዝ የሚባለው የድሮ የእንግሊዝ የቡሎን መለኪያ) ካያችሁ በኢንች የቡሎኑ ውፍረት እንጂ የመፍቻው አፍ ስፋት አይደለም። አፉ ሲለካ 13.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 13 ቁጥር ቡሎን ላይ ስትሞክሩት ይገባል፤ ግን ይላወሳል፣ ውሎ አድሮም የቡሎኑን ጠርዝ ይበላዋል። ለጋራዥ ሥራ ከፈለጋችሁት ይቅርባችሁ።

ያብረቀረቀውን መምረጥ ሌላው ነው። ብዙዎች ዝገት ይጠላሉ፣ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ግራይንደር ያስነካዋል። ማህተሙም አብሮ ይላጫል። መሮ ከሆነ ጉዳቱ የባሰ ነው። በግራይንደር ሙቀት ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብትስሉት ስለት አይይዝም። ስስ ዝገት በላምባና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። የማይለቀው የተቦረቦረው ነው። እሱም ቦታው ይለያያል፤ የመሮ አንገት ላይ ቢሆን ምንም አይደለም፣ ጠፍጣፋው ጀርባ ላይ ስለቱ አጠገብ ከሆነ ግን ተዉት። መጋዙን ዓይናችሁ ደረጃ ላይ አንሥታችሁ የጥርሱን መስመር ከዳር እስከ ዳር ተመልከቱ፤ ከተጣመመ ለማቅናት ባለሙያ ይፈልጋል። የብረት መላጊያ ደግሞ ምላጩ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ወይም የብየዳ ጠባሳ እንዳለው አገላብጣችሁ ፈልጉ። እንዲህ ያለው ዋጋው በጣም ይወድቃል።

እጀታ ብዙም አያስጨንቃችሁ። ወይራ ከተገባለት ኦርጅናል አይደለም፤ ለሥራ ግን ብዙ ጊዜ ከኦርጅናሉ ይሻላል።

ኢንተርኔት ላይ የታየውን ዋጋ በዶላር አባዝቶ መጠየቅ አሁን አሁን ፋሽን ሆኗል። እዚያ የተጻፈው የተጠየቀው ነው፤ የሚጠቅማችሁ የተሸጠበት ነው። ብረት ከባድ ነው፣ ማጓጓዣው ብቻ ትርፉን ይውጠዋል። ዕድሜም ለብቻው ዋጋ አያወጣም። ስታንሊ ቁጥር 4 ገበያውን ያጥለቀለቀ መላጊያ ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት ትንሿን ቁጥር 1 ነው። ጎንደር ውስጥ ዋነኛው ገዢ የሚሠራበት አናጺ ስለሆነ፣ አዲሱ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቃችሁ ከዚያ ጀምሩ።

በጣም የሚያናድደኝ ግን «ማህተም የለውም» ብሎ የአገር ውስጡን መናቅ ነው። ከከተማው በስተሰሜን ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። በአካባቢው የተቀጠቀጠ መጥረቢያ ወይም ማጭድ ላይ ስም አትጠብቁ። መዶሻው ያረፈበትን ዱካ እዩ፤ አንዱ ጎን ከሌላው ትንሽ ይለያል። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ከሆነ ጥሩ ብረት ነው። ለማረጋገጥ ስለቱን በሞረድ ቀስ ብላችሁ ንኩት። እንደ ቅቤ ከቆረጠው ብረቱ ለስላሳ ነው። በመጠኑ ብቻ ከነከሰው ለመጥረቢያ ልክ ነው። ሻጩ «ሞረድ አላስነካም» ካለ ከጎኑ ያለውን ጠይቁ።