የፓኬጅ ስም ሲቀየር የተፈጠረውን ግጭት የፈታሁበት መንገድ

ለቢሯችን በዴቢያን (በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ስርዓተ ክወና) ላይ የማዘጋጀው የግዕዝ ፎንት ፓኬጅ (የሚጫን የፋይሎች ጥቅል) ስሙ ከተቀየረ በኋላ አሮጌው ባለባቸው ኮምፒውተሮች ላይ አልጫን አለ፤ ፓኬጆችን የሚጭነው የዴቢያን ፕሮግራም ዲፒኬጂ ያንኑ የፎንት ፋይል በአሮጌው ፓኬጅ ስም መዝግቦ ስለያዘ በላዩ ላይ ለመጻፍ ፈቃደኛ አልሆነም። አስገድዶ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ግጭቱን ሳይፈታ ስለሚያልፈው ፈጽሞ አልመክረውም።

የሠራው መፍትሔ በአዲሱ ፓኬጅ የኮንትሮል ፋይል (የፓኬጁን ስም፣ ስሪትና ጥገኝነቶች የሚዘረዝር ፋይል) ውስጥ «ብሬክስ» (Breaks፣ የተጠቀሰው ፓኬጅ አብሮ እንዳይሠራ የሚከለክል) እና «ሪፕሌስስ» (Replaces፣ በተጠቀሰው ፓኬጅ ፋይሎች ላይ መጻፍን የሚፈቅድ) የሚባሉትን መስመሮች ጨምሮ፣ ከስሪት 2.0 በታች ያለውን አሮጌ ፓኬጅ በሁለቱም ላይ መጥቀስ ነው። የስሪት ገደቡ ወሳኝ ነው፤ ያለ እሱ፣ በአሮጌው ስም በስሪት 2.0 ያዘጋጀሁት የመሸጋገሪያ ፓኬጅ ከአዲሱ ጋር አብሮ ሊጫን አይችልም። የመሸጋገሪያው ፓኬጅ የራሱ ፎንት የለውም፤ ሥራው አዲሱን በጥገኝነት መጥራት (አብሮት እንዲጫን ማድረግ) ብቻ ሲሆን፣ እርሱ ከሌለ ፓኬጆችን አውርዶ የሚያሻሽለው አፕት አዲሱ ስም የአሮጌው ተተኪ መሆኑን በራሱ አያውቅም።