ፎቶ የበዛበትን ድረ ገጽ ጎግል ላይ እንዴት እናስገኘዋለን? ባለቤቱ እምቢ ሲሉስ?

ባህር ዳር ላይ ለአንድ ሆቴል ድረ ገጽ ላድስ ገብቼ ነበር። ባለቤቱ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ። «ፎቶ ብቻ ይሁን። ጽሑፍ ውበቱን ያጠፋዋል።» እውነትም ፎቶዎቹ ያምራሉ። ግን ጎግል አንድ ገጽ ስለምን እንደሆነ የሚረዳው በዋናነት ከጽሑፉ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ሳንነካ ቃል እንጨምራለን።

መጀመሪያ ባለቤቱን ማሳመን ነው። ስለ ኤስኢኦ (ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ ስለማድረግ) ሌክቸር አትስጧቸው፤ ስልካቸውን ያውጡ። እኔ እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ የሆቴልዎን ስም ይርሱት። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዳ ነዎት። ምን ብለው ይፈልጋሉ?» «ባህር ዳር ጣና ዳር ሆቴል» ብለው ጻፉ። ወደ ታች ገፉ፣ አሁንም ገፉ። የእሳቸው የለም። ትንሽ ዝም ብለው «እሺ፣ ምን ይሻላል?» አሉኝ።

ከዚያ ገጹን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና ጽሑፉን በማውስ ለመምረጥ ሞክሩ። እምቢ ካለ ምናልባት ፎቶው ውስጥ የተጻፈ ነው። የጋሼ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻና የክፍል ዋጋ በሙሉ እንደዚያ ነበር። ሁሉንም በእውነተኛ ጽሑፍ መልሳችሁ አስገቡት። ፎቶው ላይ ተደርቦ መታየት ይችላል፤ ዲዛይኑ አይበላሽም።

ለእያንዳንዱ ፎቶ አልት ቴክስት፣ ማለትም በገጹ ኮድ ውስጥ የሚቀመጥ አጭር የፎቶ መግለጫ፣ ጻፉ። «ሆቴል ባህር ዳር ርካሽ ሆቴል» እያላችሁ አትደርድሩ። «ጢስ ዓባይ ፏፏቴ በክረምት» በቂ ነው። ማየት ለተሳነው ሰው ስክሪን ሪደሩ የሚያነብለት ይህንኑ ነውና ከልብ ጻፉት። የገጹ ርዕስ «መነሻ ገጽ» የሚል ከሆነም ዛሬውኑ ቀይሩት። ቦታውንና አገልግሎቱን ይናገር።

የኛ ፊደል እዚህ ላይ ፈተና አለው። አንዱ «ባህር ዳር» ይላል፣ ሌላው «ባሕር ዳር»፤ አንዱ «ጢስ ዓባይ»፣ ሌላው «ጭስ አባይ»። በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። ርዕሱ ላይ ሰው አዘውትሮ የሚጽፈውን አድርጉ፤ ሌላውን ጽሑፉ ውስጥ በቦታው አስገቡ።

ግን ማን ይጻፈው? ባለቤቱ ጊዜ የለኝም ይላሉ። አስወሯቸውና በስልክ ቅዱት። ጋሼ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለማየት ወደ ዘጌ ጀልባ ከየት እንደሚነሳ፣ ጢስ ዓባይ ውሃው መቼ እንደሚሞላ ቡና እየጠጡ አጫወቱኝ። እሱን ገልብጬ ለዘጌ አንድ ገጽ፣ ለጢስ ዓባይ አንድ ገጽ ሠራሁ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ቢሮ ቁጭ ብዬ አልፈጥረውም ነበር።

ቀጥሎ ክብደቱን ቀንሱ። 5 ሜጋ ባይት ፎቶ ከዳንግላ በሞባይል ዳታ ለሚከፍት ሰው ግፍ ነው። ወርዱን ወደ 1600 ፒክስል አውርዱና ዌብፒ በሚባለው ቀለል ያለ የምስል ፎርማት አስቀምጡት፤ ብዙ ጊዜ ከ300 ኪሎ ባይት በታች ይሆናል። ጎግል የገጹ ዋና ምስል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ሌዚ ሎዲንግ (ፎቶው ሰው ወደ እሱ ሲቃረብ ብቻ እንዲጫን ማድረግ) ለታችኞቹ ፎቶዎች ብቻ ይሁን፤ የመጀመሪያው ላይ ካደረጋችሁት ያዘገየዋል።

በመጨረሻ ገጹን ጎግል ሰርች ኮንሶል በሚባለው የድረ ገጽ ባለቤቶች መሣሪያ ላይ አስመዝግቡ፤ ነጻ ነው። ለውጡ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚወስድ ለባለቤቱ ቀድማችሁ ንገሩ። ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ገጹ እንደወጣለት ኮንሶሉ ላይ ይታያል። ዝርዝሩን ከባለቤቱ ጋር አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት። የሚቀጥለው ገጽ ስለምን እንደሚሆን እሳቸው ራሳቸው ይነግሯችኋል።