የሥራ አጥነት ቁጥር እንዴት ይነበባል? ከጅማ የሥራ ገበያ ምሳሌዎች ጋር

«የሥራ አጥነት ምጣኔው ይህን ያህል በመቶ ደረሰ» ሲባል፣ አብዛኛው ሰማዒ ቁጥሩን በሰፈሩ ከሚያየው ኑሮ ጋር አስተያይቶ ወይ ይቀበለዋል ወይ ይጥለዋል። ከዚያ በፊት ግን ቁጥሩ የምን ጥያቄ መልስ እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ስለ አንድ ከተማ የሥራ ገበያ በምጣኔው ውስጥ ከገቡት ይልቅ ሳይገቡ የቀሩት የበለጠ የሚናገሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

መለኪያው ለሥራ የደረሰውን ሕዝብ በሦስት ይከፍላል፤ በሥራ ላይ ያሉ፣ ሥራ አጦች እና ከሥራ ኃይሉ ውጪ ያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተደምረው «የሥራ ኃይል» ይባላሉ። ምጣኔው የሚገኘው የሥራ አጦች ቁጥር ለዚህ የሥራ ኃይል ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ ነው፤ ለጠቅላላው ነዋሪ አይካፈልም። ስለዚህ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ጊዜውን የሚማርና ሥራ የማይፈልግ ተማሪ፣ ወይም በሕመም ምክንያት ቤት የዋለ ሰው፣ በሚካፈለውም ሆነ በሚካፈልበት ቁጥር ውስጥ የለም። ስሌቱን በዚህ መልክ ሳይረዱ፣ ምጣኔው 20 በመቶ ሲባል «ከመቶ ነዋሪ ሃያው ሥራ የለውም» ብሎ መተርጎም በየዜናው የሚታይ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ «በሥራ ላይ» የተባለው ማን እንደ ሆነ ይጠይቁ። በዓለም አቀፉ መለኪያ መሠረት ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው በሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። በመጋዘን ውስጥ ሁለት ቀን ቡና ለቅማ የተከፈላት ሴት፣ በሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ የሰው ባጃጅ የነዳ ወጣት፣ በራፏ ላይ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ እናት፣ በቤተሰቡ ሱቅ ያለ ደመወዝ የሚያግዝ ልጅ፣ እንዲሁም የወር ደመወዝተኛው የባንክ ሠራተኛ ሁሉም በአንድ መደብ ይገባሉ። ይህ ብዙዎችን ያስቆጣል፤ ቁጣውም ይገባኛል። ሆኖም ደንቡ የተቀረጸው ለምርት የዋለ ማንኛውም ጉልበት ሳይቆጠር እንዳይቀር፣ ሥራ አጥነትም ፈጽሞ ሥራ ማጣትን ብቻ እንዲያመለክት ታስቦ ነው። የሥራውን ሰዓት ማነስ ለማየት ሌላ መለኪያ አለ፤ ጥቂት ሰዓት ብቻ ሠርተው ተጨማሪ ሰዓት ለመሥራት የሚፈልጉና ዝግጁ የሆኑ ሰዎች ለብቻቸው ይቆጠራሉ። በእኔ እምነት እንደ ጅማ የቀን ሥራና አነስተኛ ንግድ በሰፋበት ከተማ ይህን ሁለተኛ ቁጥር ሳይመለከቱ ስለ ሥራ መናገር ግማሹን እውነት መተው ነው።

«ሥራ አጥ» ለመባል ደግሞ ሦስት ነገሮች በአንድነት መሟላት አለባቸው፤ ሥራ አለመኖር፣ ሥራ ቢገኝ ለመጀመር ዝግጁ መሆን፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ መፈለግ። መፈለግ ማለት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማንበብና ማመልከቻ ማስገባት ብቻ አይደለም። ወዳጅ ዘመድን መጠየቅ፣ የቀን ሠራተኛ ወደሚቀጠርበት ቦታ ማለዳ መውጣት፣ ተደራጅቶ የመሥሪያ ቦታ ወይም ብድር ለማግኘት መመላለስም ፍለጋ ነው።

ይህ ሦስተኛው መስፈርት ለእኛ አገር ንባብ ወሳኝ ነው። ሥራ ፍለጋ በአመዛኙ በሰው በሰው በሚካሄድበት አገር «ፈልገሃል?» የሚለው ጥያቄ ተስፋ ቆርጦ የተቀመጠውን ሰው ይጥለዋል። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ ጥናቶች ፍለጋን እንደ ግዴታ የማይጠይቀውን ላላ ያለ ትርጉም ሲጠቀሙ ቆይተዋል፤ ሥራ የሌለውና ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሰው ባይፈልግም ይቆጠራል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በምናብ ምሳሌ እንመልከት። በአንድ የጅማ ሰፈር ለሥራ የደረሱ 200 ሰዎች አሉ እንበል። ከእነዚህ 110ሩ ይሠራሉ፤ 20ው ሥራ እየፈለጉ ነው፤ 15ቱ ዝግጁ ቢሆኑም መፈለግ አቁመዋል፤ 55ቱ ተማሪዎች፣ አረጋውያን ወይም በሌላ ምክንያት ከሥራ ኃይሉ ውጪ ናቸው። ፍለጋን በሚጠይቀው በጥብቁ ትርጉም 20 ለ130 ተካፍሎ 15.4 በመቶ ይሆናል። በላላው ትርጉም 35 ለ145 ተካፍሎ 24.1 በመቶ ይወጣል። ሰዎቹም ሰፈሩም ያው ናቸው።

አሁን ከፈላጊዎቹ አምስቱ ተስፋ ቆርጠው ቤት ቢቀመጡ፣ ጥብቁ ምጣኔ 15 ለ125፣ ማለትም ወደ 12 በመቶ ይወርዳል፤ አንድም ሰው ግን ሥራ አላገኘም። በተቃራኒው በጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅጥር ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ተሰምቶ፣ መፈለግ ካቆሙት 15 ሰዎች አሥሩ ተነሥተው ቢመዘገቡ፣ ምጣኔው 30 ለ140 ሆኖ ወደ 21.4 በመቶ ያድጋል። ተስፋ ሲመለስ ቁጥሩ ይከፋል ማለት ነው። ስለዚህ የምጣኔውን መውረድ ከመልካም ዜና፣ መውጣቱን ከክፉ ዜና ከመቁጠርዎ በፊት፣ የሚሠሩት ሰዎች ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ ስንት በመቶ እንደ ሆኑ ይመልከቱ። በምሳሌያችን ይህ ቁጥር በሦስቱም ሁኔታዎች 55 በመቶ ነው፤ አልተንቀሳቀሰም።

በ2005 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥራ ኃይል ጥናት የአገሪቱን ምጣኔ 4.5 በመቶ፣ የከተማውን 16.5 በመቶ፣ የገጠሩን 2.0 በመቶ አድርጎ አሳይቷል። ገጠሩ ከከተማው ይሻላል ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። በጅማ ዙሪያ ያለ ገበሬ ማሳው አንድ ጥማድ ብትሆንም ሥራ አጥ አይባልም፤ መሬቱ ለሦስት ልጆች ባይበቃም ሦስቱም እያረሱ ስለሚውሉ ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው። ያለ ሥራ ተቀምጦ መፈለግ የሚችለው የሚያበላው ያለው ሰው ነው፤ ድኻ የሆነ ሰው ያገኘውን ይሠራል። ከዚህ በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ትርጉሙን ለውጧል፤ ለራስ ፍጆታ ብቻ የሚደረግ የእርሻ ሥራ ከዚያ ወዲህ እንደ ሥራ ቢታወቅም እንደ ቅጥር ወይም የገቢ ሥራ አይቆጠርም። ለገበያ ቡና የሚያመርተው በሥራ ላይ ሲሆን፣ በቆሎውን ለቤቱ ብቻ የሚያመርተው ጎረቤቱ በዋናው መደብ ላይገባ ይችላል። አሮጌውንና አዲሱን ትርጉም የተከተሉ ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሥራ አጥነት ጨመረ» ማለት አያስኬድም።

ጥናቱ የተካሄደበትን ወርም አይለፉት። ጅማ አካባቢ የቡና ለቀማው በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ይበረታል፤ ያኔ ለቃሚው፣ ጫኚው፣ ማጠቢያና መጋዘን የሚሠራው ሁሉ ሥራ ያገኛል። ከላይ የጠቀስኩት የ2005 ጥናት መረጃ የተሰበሰበው በሰኔ ነበር። የሰኔን ቁጥር ከኅዳር ቁጥር ጋር ማነጻጸር ወቅትን ከወቅት እንጂ ዓመትን ከዓመት ማነጻጸር አይደለም። እግረ መንገድዎን ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ያረጋግጡ።

የአገር ወይም የክልል ቁጥር ለጅማ ከተማ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ጥናቱ የናሙና ስለሆነ ቦታው በጠበበ ቁጥር የስሕተቱ ወሰን ይሰፋል። በቀላል የዕጣ ናሙና ከሥራ ኃይሉ 400 ሰዎች ተጠይቀው 20 በመቶ ቢወጣ፣ ትክክለኛው ቁጥር ከ16 እስከ 24 በመቶ ባለው መካከል ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው በሰፈር በሰፈር ሲሰበሰብ ወሰኑ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህም ይሰፋል። አምና 20፣ ዘንድሮ 18 ቢሆን ለውጥ አለ ለማለት በቂ አይደለም።

ዕድሜንም ይመልከቱ። በአገራችን ጥናቶች ከ10 ዓመት ጀምሮ መቁጠር የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በዓለም አቀፍ ንጽጽር ግን መነሻው 15 ዓመት ነው። ወጣት የሚባለውም በእኛ ፖሊሲ ከ15 እስከ 29፣ በዓለም አቀፍ ሰንጠረዦች ደግሞ ከ15 እስከ 24 ነው። የወንድና የሴት ቁጥርም ተለይቶ ይጠየቅ፤ በከተሞቻችን የሴቶች ምጣኔ ከወንዶቹ በጣም ስለሚበልጥ አማካዩ የሴቶቹን ችግር ይሸፍነዋል።

በመጨረሻ፣ የቀበሌ የሥራ ፈላጊዎች መዝገብ ከጥናት ጋር አንድ አይደለም። መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ብድር ወይም ሼድ ለማግኘት የተመዘገበ፣ በየቀኑ ግን ግንባታ ላይ የሚውል ሊሆን ይችላል፤ ተስፋ የቆረጠው ደግሞ አይመዘገብም፤ ሥራ ያገኘም ሁልጊዜ ስሙን አያሰርዝም። መዝገብ የሚካፈልበት የሥራ ኃይል ቁጥር ስለሌለውም በራሱ ምጣኔ አይሰጥም። «ለዚህን ያህል ሰው የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለው ሪፖርት ሲቀርብም ቁጥሩን ከሥራ አጦች ላይ አይቀንሱ። በዚያው ዓመት ስንት አዲስ ተመራቂ ወደ ገበያው እንደ ገባ፣ ስንት ሥራ እንደ ተዘጋ፣ ከተፈጠሩትም ውስጥ ከቡናው ወቅት በኋላ የቀጠሉት ስንት እንደ ሆኑ ይጠይቁ።