የምስክር ቃል ሲመዘገብ የማይታለፉ ስህተቶች

«2ኛው ምስክር የ1ኛውን ምስክር ቃል የሚያጠናክር ምስክርነት ሰጥቷል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሰሞኑን በአንድ መዝገብ ላይ እንደገና አየሁት፤ ትዕግሥቴም አለቀ። ጅማ ውስጥ በችሎት ጸሐፊነት ወይም የችሎት ድምፅ ወደ ጽሑፍ በመገልበጥ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ዓረፍተ ነገሩ ምስክሩ ምን እንዳለ አይናገርም። የሚናገረው ጸሐፊው ስለ ምስክሩ ምን እንዳሰበ ነው። አንዱ ቃል ሌላውን ያጠናክራል ወይስ ያፈርሳል የሚለውን መመዘን የዳኛ ሥራ ነው፤ ዳኛውም ቢሆን የሚመዝነው በፍርዱ ላይ እንጂ ቃሉ ገና ሲመዘገብ አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 147 የእያንዳንዱ ምስክር ቃል በሙሉ እንዲጻፍ ያዛል። «እያንዳንዱ» ማለት አምስተኛውም ምስክር ነው፤ ሰዓቱ ወደ ምሳ ሲቃረብ የቀረበውም ነው።

በአንድ የቡና መሬት ድንበር ክርክር የሆነውን ልንገራችሁ። የከሳሽ 1ኛ ምስክር ድንበሩ ቦዩ ነው አለ። 2ኛው ምስክር፣ አንድ አዛውንት፣ ድንበሩ ዋንዛው ነው፣ ቦዩ በኋላ የተቆፈረ ነው አሉ። ሁለቱም ለአንድ ወገን ስለቀረቡ ጸሐፊው «የሚያጠናክር» ብሎ ጠቀለላቸው። ተከሳሽ ይግባኝ ብሎ የምስክሮቹ ቃል ይለያያል ሲል ተከራከረ፤ በመዝገቡ ላይ ግን ልዩነት የሚባል ነገር አልነበረም። ይግባኝ ሰሚ ችሎት በአብዛኛው ምስክሩን አያየውም፣ ድምፁንም አይሰማም፤ በእጁ ያለው እናንተ የጻፋችሁት ወረቀት ብቻ ነው። ብዙ ከተጓተተ በኋላ ምስክሮቹ እንደገና ይሰሙ ተባለ። አዛውንቱ ግን በዚያ መካከል አርፈው ነበር፤ ስለ ዋንዛው የሚያውቁትም አብሯቸው ተቀበረ። ሁለት ምስክሮች በእርግጥ ቃል በቃል አንድ ነገር ቢናገሩም ሁለቴ ጻፉት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስቆጣኝ «አዎ» የምትለው መልስ አመዘጋገብ ነው። ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም የሌላውን ወገን ምስክር ሲጠይቅ፣ «ዕቃውን ሲወስድ አላየኸውም አይደል?» ይላል። ምስክሩ «አዎ» ይላል። ጸሐፊው ቃሉን ወደ ትረካ ሲለውጠው «ዕቃውን ሲወስድ አይቼዋለሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ሰውየው የተናገረው ግን ተቃራኒውን ሊሆን ይችላል። ሕጉ የምስክር ቃል በትረካ መልክ ይጻፍ ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ በጥያቄና መልስ መልክ እንዲጻፍ የማዘዝ ሥልጣን አለው። እንዲህ ያለ አሻሚ መልስ ሲያጋጥማችሁ ዳኛውን አስፈቅዳችሁ ጥያቄውንም መልሱንም እንዳለ አስፍሩ። ምስክሩ በር ላይ ሳይደርስ መጠየቅ ይቻላል፤ ከወጣ በኋላ ግን የሚቀረው ግምት ነው።

ምስክሩን የጠራው ወገን የሚያቀርበው ዋናው ጥያቄ የት እንዳበቃ፣ መስቀለኛው የት እንደጀመረ፣ ከመስቀለኛው በኋላ ያው ወገን የሚያነሣው ድጋሚ ጥያቄም የቱ እንደሆነ ሳያመለክቱ መጻፍ የሕጉን ግልጽ ትእዛዝ መተላለፍ ነው።

መለኪያ አትለውጡ። ጅማ ላይ ከሚታዩት ክርክሮች ስንቱ ከቡና ጋር የተያያዘ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ምስክር «20 ፈረሱላ ጀንፈል» (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) «አስረከብኩት» ሲል «20 ፈረሱላ ቡና» ብሎ መጻፍ ለጸሐፊው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና ሁሉም 340 ኪሎ ነው። ጀንፈሉ ተፈልፍሎ የሚወጣው ንጹሕ ቡና ግን የክብደቱ ግማሽ ያህል ነው። በአንዲት የተዘለለች ቃል የተረካቢው ዕዳ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። መሬቱንም በፈጫሳ ከተናገረ ፈጫሳ ብላችሁ ጻፉ፤ ሄክታሩን ባለሙያ ያስላው።

ሌሊትም እንዲሁ ነው። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የተባለውን «ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላችሁ ካሳጠራችሁት፣ አንዱ አንባቢ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል፣ ሌላው ማክሰኞ መሽቶ ለረቡዕ አጥቢያ አድርጎ ይረዳዋል። ተከሳሹ በቦታው አልነበርኩም ብሎ የሚከራከር ከሆነ የአንድ ሌሊት መዛባት ነፃነቱን ሊያሳጣው ይችላል።

በስምም ተጠንቀቁ። በእኛ አካባቢ አንድ ትልቅ ሰው በክሱ ላይ በመዝገብ ስሙ ተጽፎ ሳለ ጎረቤቶቹ ሁሉ «አባ መጫ» ብለው ይጠሩት ይሆናል። ምስክሩ «አባ መጫ» ካለ እንዳለው ጻፉ፤ ማንን ማለቱ እንደሆነ ዳኛው ይጠይቀውና መልሱ ይመዝገብ። በራሳችሁ ዕውቀት የተከሳሹን ስም ከተካችሁ፣ ምስክሩ ያልለየውን ሰው እናንተ ለያችሁት ማለት ነው።

የእጅ ምልክት ድምፅ የለውም። «እስከዚህ ድረስ ቆሰለ» የሚል ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም፤ «ምስክሩ ከቀኝ ክርኑ እስከ አንጓው በእጁ አሳየ» የሚል ካልታከለበት።

የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ጅማ ላይ ግን አማርኛ፣ ካፊኛ፣ የምኛ ወይም ዳውሮኛ ብቻ የሚናገር ሰው ችሎት ፊት ይቆማል። ተከሳሽ በማያውቀው ቋንቋ በሚካሄድ ክርክር በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ተደንግጓል። ቃሉ በአስተርጓሚ መሰጠቱን ሳይጽፉ ማለፍ ከባድ ግድፈት ነው። አስተርጓሚውና ምስክሩ ረጅም ንግግር ተለዋውጠው ለችሎቱ የተተረጎመው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ከሆነ ዝም አትበሉ፤ ለዳኛው አሳውቁ።

የጅማን ዝናብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ሲመታ የድምፅ መቅጃው የሚይዘው ጣሪያውን ነው። «ነበርኩ» እና «አልነበርኩም» የሚለዩት በአጫጭር ድምፆች ነው፤ ዝናቡ መጀመሪያ የሚውጠውም እነዚያን ነው። ገልባጩ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አሥር ጊዜ ቢመላልሰው የሌለውን ድምፅ አያመጣውም። «አይሰማም» ብላችሁ ከቅጂው ደቂቃ ጋር ጻፉ። በግምት የተሞላ ቃል ከባዶ ቦታ የከፋ ነው፤ ባዶው ቦታ አንባቢውን ያስጠነቅቃል፣ ግምቱ ግን እውነት መስሎ ያልፋል። ችሎት ላይ ያላችሁት ደግሞ ዝናቡ ሲበረታ ወዲያው ተናገሩ፤ ምስክሩን ወደ መቅጃው ማቅረብ ወይም ጥቂት መታገሥ ይቻላል። መብራት ሄዶ ሲመለስም መቅጃው በእርግጥ እየሠራ መሆኑን ሳታዩ ቀጣዩ ጥያቄ እንዲነሣ አትፍቀዱ።

ግልባጭ አታዘግዩ። በፍትሐ ብሔር የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው። በወንጀል ይግባኝ ባዩ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላም በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። ከአጋሮ ወይም ከደዶ ተሳፍሮ የመጣን ሰው «ነገ ና» ማለት የትራንስፖርት ገንዘቡን ከቀኑ ጋር መውሰድ ነው። ባለጉዳዩ የፍርዱን ግልባጭ ብቻ ከጠየቀ የምስክሮቹንም ቃል ግልባጭ እንዲጠይቅ ንገሩት፤ አብዛኛው ሰው መኖሩንም አያውቅም።

የድምፅ ፋይሉን ጽሑፉ ስላለቀ ብቻ አትሰርዙ። የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የምስክሩን ተራ ጻፉበትና ከሌላ ቦታም አስቀምጡት፤ ይግባኙ እልባት እስኪያገኝ ድረስ በጽሑፉ ላይ ለሚነሣ ክርክር መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።