ብቻቸውን ለመጡ ልጆች ቤት ሲፈለግ የሚሠሩ ስህተቶች

ያለ ወላጅ ብቻውን እንግሊዝ አገር መጥቶ ጥገኝነት የሚጠይቅ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ኃላፊነቱ የተገኘበት አካባቢ አስተዳደር (ካውንስል) ነው። ይሄ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1989ኙ የሕፃናት ሕግ ነው። ካውንስሉ ማደሪያ ይፈልግለታል፣ ትምህርት ቤት ያስገባዋል፣ ያሳክመዋል። ብዙዎቹ በትናንሽ ጀልባ በዶቨር ስለሚገቡ ሸክሙ መጀመሪያ ዶቨር ባለበት በኬንት ካውንስል ላይ ያርፋል። ከመካከላቸው የኤርትራ፣ የሱዳንና የኢትዮጵያ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የኛም ጉዳይ ነው።

ይህን ስጽፍ ሁለት ዓይነት ሰው በሐሳቤ አለ። አንዱ "አንድ ልጅ ወስጄ ባሳድግስ?" እያለ የሚያስብ ሐበሻ ነው። ሌላው በካውንስል፣ በፎስተር ኤጀንሲ (ለልጆች አሳዳጊ ቤተሰብ በሚፈልግ ድርጅት) ወይም በአስተርጓሚነት የሚሠራ ወገን። በሁለቱም በኩል ስህተቶቹ በቅን ልብ ነው የሚሠሩት፣ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ልጁ ነው።

"ዘመዴ ነው" ብሎ በጓሮ በር መውሰድ

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ከአገር ቤት ይደወላል፣ "የእገሌ ልጅ እዛ ደርሷል፣ እባክህ ተቀበለው" ይባላል። ሰውየውም ደግ ነው፣ ሄዶ ያመጣዋል። ሶፋው ላይ ያስተኛዋል። ለካውንስል የሚነግር ግን የለም፤ "መንግሥት ከገባበት ይወስዱታል" ብሎ ሁሉም ይፈራል።

ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የቅርብ ዘመዱ ባልሆነ ሰው ቤት 28 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ካውንስሉ ማወቅ አለበት። የቅርብ ዘመድ የሚባሉት ደግሞ አያት፣ ወንድምና እህት፣ አጎትና አክስት፣ የእንጀራ አባትና እናት ብቻ ናቸው። የአክስት ልጅ፣ የእናት ጓደኛ፣ የክርስትና አባት፣ የሰፈር ሰው በዚህ ሕግ ዘመድ አይደሉም። ለኛ ይሄ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኛ ጋ የአክስት ልጅ ወንድም ነው። ካውንስል ቀድሞ የተረከበውን ልጅ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ደግሞ ከዚህም የባሰ ጣጣ አለው።

ትልቁ ጉዳት ቅጣቱ አይደለም። የልጁ መብት ነው የሚያመልጠው። አንድ ልጅ 18 ሲሞላው እስከ 25 ዓመቱ የሚደግፈው አማካሪ የሚያገኘው፣ ከ14 ዓመቱ ወዲህ ቢያንስ 13 ሳምንት በካውንስል እንክብካቤ ሥር ከቆየ ነው፤ የተወሰነው ጊዜም 16 ከሞላው በኋላ መሆን አለበት። እናንተ ሶፋ ላይ ሁለት ዓመት በፍቅር ብታኖሩት በዚህ ስሌት ዜሮ ነው። 18 ሲሞላው ቤትም፣ አማካሪም፣ የትምህርት ድጋፍም የለውም።

ትክክለኛው መንገድ አለ፣ እሱም አይከብድም። ወደ ካውንስሉ ደውሉና "ቤተሰቡን አውቃለሁ፣ ልወስደው እፈልጋለሁ" በሉ። ካውንስሉ ልጁን የሚያውቅ ሰው ካገኘ፣ ሙሉው ምርመራ እስኪያልቅ እስከ 16 ሳምንት በጊዜያዊነት ሊያጸድቀው ይችላል። ልጁ እናንተ ቤት እያለ መዝገብ ውስጥም ይገባል ማለት ነው።

ጥያቄ ሲበዛባችሁ አትቀየሙ። ከ2021 ጀምሮ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ) ልጆችን በሆቴል ያስቀምጥ ነበር፤ በጥር 2023 ወደ 200 የሚሆኑት የት እንደደረሱ እንደማይታወቅ መንግሥት ራሱ ለፓርላማ ተናገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አሠራሩን ሕገ ወጥ ብሎታል። "አጎቱ ነኝ" ብሎ በር ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ አጎት እንዳልሆነ የካውንስሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች (ሶሻል ወርከሮቹ) በመከራ ተምረዋል።

"ሐበሻ ነው፣ ሐበሻ ቤት ይግባ"

ይሄ ከካውንስል በኩል የሚመጣ ስህተት ነው፣ ግን እኛም እንደግፈዋለን። ቦታ ሲመረጥ የልጁ ሃይማኖት፣ ዘር፣ ባህልና ቋንቋ መታየት እንዳለበት ሕጉ ራሱ ይላል፤ ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ የሚመጣው "ኢትዮጵያ" የሚል ወረቀት አይቶ አማርኛ ተናጋሪ ቤት የሚልከው ሲኖር ነው። ልጁ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ብቻ ሊችል ይችላል። ትግርኛ ተናጋሪም ሊሆን ይችላል። ከ2020ው ጦርነት ወዲህ ደግሞ ከየት እንደመጣና ማን ቤት እንደሚገባ ሳይጠየቅ የሚላክ ልጅ፣ የሚፈራው ሰው ቤት ሊያድር ይችላል። አሳዳጊዋ መልካም ሴት ብትሆንም ልጁ ያንን ለማወቅ ወራት ይፈጅበታል።

ከኛ ሰው ቤት መግባት ጭራሽ የማይፈልግ ልጅም አለ። ወሬው አገር ቤት እንዳይደርስ ይሰጋል። ቤተሰቡ ተበድሮ የላከው ልጅ ያ ዕዳ ስላለበት ያፍራል። ጠይቁት! ሌላ ማንም ሊመልስለት አይችልም። ናይጄሪያዊት ወይም እንግሊዛዊት አሳዳጊ ጋ ሆኖ በሳምንት አንዴ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚወስደው ሰው ያለው ልጅ ደህና አድርጎ ያድጋል።

አስተርጓሚ ላይም እንዲሁ ነው። ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ወንድ ነው ሴት የሚለውም ይጠየቅ። አንዲት ልጅ ሊቢያ ውስጥ የደረሰባትን ለወንድ አስተርጓሚ አትናገርም፤ ያውም እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምታየው ከሆነ።

የትውልድ ዘመኑን አለማጣራት

አንድ ልጅ "በ2000 ዓ.ም. ተወለድኩ" ይላል። ፎርም የሚሞላው ሰው 2000 ብሎ ይጽፋል። በኛ አቆጣጠር 2000 ማለት ከመስከረም 2007 እስከ መስከረም 2008 ድረስ ያለው ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ በ2024 መጀመሪያ 15 ወይም 16 ዓመቱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን 24 የሞላው ጎልማሳ ሆኗል። ከዚያ የአዋቂዎች ሆቴል ይላካል፣ ከማያውቃቸው ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ይተኛል። አንድ ቁጥር ነው ይህን ሁሉ ያመጣው።

በተቃራኒው ደግሞ ሁሉንም በጅምላ ሰባትና ስምንት ዓመት መጨመርም ስህተት ነው። ኤርትራ በመደበኛው የምትጠቀመው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ "በየትኛው አቆጣጠር ነው?" ተብሎ ይጠየቅ። ካላወቀ ስንተኛ ክፍል ሆኖ አገሩን እንደለቀቀ፣ ታናሹ በስንት ዓመት እንደሚያንሰው፣ የተወለደው የትኛው በዓል አካባቢ እንደሆነ ጠይቁት። ብዙ ልጆች ቀኑ ስለማይታወቅ ጃንዋሪ 1 ተብለው ይመዘገባሉ፤ የ01/01 ልደት ስታዩ ግምት መሆኑን እወቁ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። አስተርጓሚው "ቀጠሮህ 3 ሰዓት ነው" ይለዋል በኛ አቆጣጠር፤ ልጁ ስልኩን አይቶ ከሰዓት በኋላ 3 ላይ ይደርሳል። ቀጠሮው ከጠዋቱ 9 ነበር። "አልተባበረም" ተብሎ ይጻፍበታል።

ዕድሜው ከተጠራጠሩት በ2003 ፍርድ ቤት ባስቀመጠው መመሪያ መሠረት ሁለት ሶሻል ወርከሮች ቁጭ ብለው ይመዝኑታል፤ ከጎኑም ለሱ የሚቆም ገለልተኛ አዋቂ መኖር አለበት። ለዘመዶችና ለጓደኞች አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ልጁን "16 ነኝ በል" ብላችሁ አታስጠኑት። እውነት 16 ከሆነ ምክራችሁ ጥርጣሬ ያመጣበታል። 22 ከሆነ ደግሞ የ14 ዓመት ልጆች የሚያድሩበት ቤት እያስገባችሁት ነው።

16 የሞላውን "ሰው ሆኗል" ብሎ መተው

ሰሃራን አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ የ16 ዓመት ልጅ ሲታይ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ፎስተር ቤት ጠፍቷል ሲባል ከሌሎች ወጣቶች ጋር የሚኖርበት ቤት ይሰጠውና ሠራተኛ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት እየመጣ ያየዋል። ከ16 በታች የሆነን ልጅ ቁጥጥር የሌለበት ቤት ማስገባት ከመስከረም 2021 ጀምሮ ክልክል ነው። ለ16 እና ለ17 ዓመቶቹ ደግሞ ከጥቅምት 2023 ወዲህ ቤቶቹ ኦፍስቴድ በሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለባቸው። ይሄ መሻሻል ነው። ግን የተመዘገበ ቤትም ቢሆን ማታ "በላህ?" የሚል ሰው የለውም።

ሙሉ ፎስተር ማድረግ የማትችሉ፣ ግን ትርፍ ክፍል ያላችሁ፣ ሰፖርትድ ሎጂንግስ የሚባለውን ጠይቁ። ወጣቱ እናንተ ቤት ክፍል ይኖረዋል፣ እናንተም ምግብ ማብሰል፣ ሐኪም ቤት መመዝገብ፣ አውቶቡስ መያዝ ታሳዩታላችሁ። በማኅበረሰባችን ውስጥ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ያሳዝነኛል።

"ቤቴ ኪራይ ነው፣ ባልም የለኝም" ብላችሁ የተዋችሁትም ተመለሱ። ሁለቱም አይከለክሉም። ምርመራው ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል፤ ጥያቄውም ይበዛል። ክፍያውም አያሳፍርም፤ ለልጁ ምግብና ልብስ፣ ለጉዞው የሚሆን ነው፣ ደረሰኝ ያዙ።

ስልክ ሲደወል ሳይጠይቁ "እሺ" ማለት

አርብ ከሰዓት በኋላ ይደወላል። "ወንድ ልጅ፣ 15 ዓመት፣ ኤርትራዊ፣ ትግርኛ ተናጋሪ፣ የሚታወቅ ችግር የለም። ማታ ይደርሳል።" ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። ማንም ገና ቁጭ ብሎ ስላላናገረው ነው "የሚታወቅ" የጠፋው። እናንተ ጠይቁ፦ አብሮት የተጓዘ ወንድም ወይም ጓደኛ አለ ወይ? የት ነው ያለው? ሐኪም አይቶታል? ቁስል፣ የቆዳ በሽታ፣ ሳል አለበት? ስልክ አለው? ማንን እያናገረ ነው? ወዴት እንደሚሄድስ በቋንቋው ተነግሮታል?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ "አይ" ነው። ልጁ ኬንት ትንሽ ቆይቶ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ይችላል፤ ካውንስሎች እነዚህን ልጆች የሚካፈሉበት አሠራር በ2016 በፈቃደኝነት ተጀምሮ ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ግዴታ ሆኗል። ለካውንስሉ ይሄ ዝውውር ነው። ልጁ ግን መኪና ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ሲነዳ የሚያስበው ሊቢያ ውስጥ ከአንዱ ደላላ ወደ ሌላው የተሸጠበትን ቀን ነው። የቤቱ ፎቶ፣ የአሳዳጊው ስም፣ "ከ3 ሰዓት በኋላ እንደርሳለን" የሚል አንድ የድምፅ መልእክት በትግርኛ ቢላክለት ብዙ ፍርሃት ይቀንሳል።

መጀመሪያው ሳምንት ላይ ታሪኩን መጠየቅ

"እንዴት መጣህ? ስንት ከፈልክ? ጀልባው ላይ ስንት ነበራችሁ?" አትበሉት። ፖሊስ ጠይቆታል፣ ሆም ኦፊስ ጠይቆታል፣ ነርስ ጠይቃዋለች። በመጀመሪያው ምሽት የሚፈልገው ዋይፋይ፣ ምግብ፣ ሻወርና ከውስጥ የሚዘጋ የመታጠቢያ ቤት በር ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ እናቱ ጋ መደወል። የቤቱን ሕግ ነገ ንገሩት።

ሌሊት አይተኛም። መንገድ ላይ ሲጓዝ የኖረው በሌሊት ነው፣ ቀን ተደብቆ ነው የሚተኛው፤ እና ጠዋት ለትምህርት አልነሳም ሲል ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ለተወሰነ ጊዜ መብራት አብርቶ ይተኛ። አልጋው ሥር ዳቦ ካገኛችሁ አትቆጡት፣ ክዳን ያለው ዕቃ ስጡትና ክፍሉ ውስጥ ያስቀምጥ።

ጾምን የማያውቁ አሳዳጊዎች ረቡዕና አርብ ሥጋና ወተት ሲመልስ የታመመ ይመስላቸዋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ እንዲህ ሲሆን ሶሻል ወርከር ይጠራሉ። ሽሮና ምስር፣ አትክልትና ሩዝ ይበቃዋል። ሐበሻ አሳዳጊዎች ደግሞ በሌላ በኩል እንሳሳታለን፤ ነጠላ አልብሰን እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንወስደዋለን፣ ሳንጠይቅ። ኤርትራ ከ2002 ወዲህ የምትፈቅደው ኦርቶዶክስን፣ ካቶሊክን፣ ሉተራንንና ሱኒ እስልምናን ብቻ ነው። ይህ ልጅ ጴንጤ በመሆኑ ምክንያት የሸሸ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዕዳ ከተናገረ ግን ዝም አትበሉ። ሊቢያ ውስጥ ታግቶ ቤተሰቡ ቤት ሸጦ ያስለቀቀው ልጅ፣ ያንን ገንዘብ ለመመለስ ከማንም ጋር በማንኛውም ዋጋ ሊሠራ ይሄዳል። ልጆቹ ከሚጠፉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ለሶሻል ወርከሩ የዚያኑ ቀን ንገሩ።

የጥገኝነቱን ጉዳይ "የጠበቃ ሥራ ነው" ማለት

በነፃ የሚቆምለት ጠበቃ ቶሎ እንዲያገኝ ጎትጉቱ። ቀጠሮዎቹን ደብተር ላይ ጻፉ። ኢንተርቪው ላይ አብሮት የሚገባ አዋቂ እንዲኖር ጠይቁ። በሕግ ጉዳይ ግን እናንተ አስተርጓሚ አትሁኑ፣ ምን ማለት እንዳለበትም አትምከሩት። ጥገኝነት ተከልክሎ ወደ አገሩ የሚላክበት ሁኔታ ከሌለ ለልጅነቱ የሚሰጠው ፈቃድ ቢበዛ ለ30 ወር ወይም 17 ዓመት ተኩል እስኪሆነው ነው፣ ቀድሞ የሚደርሰው ይወሰዳል። ስለዚህ 17 ሲሞላው ጠበቃው ጋ ተመልሳችሁ ሂዱ።

እና "እናትህን እናመጣታለን" አትበሉት። የእንግሊዝ ሕግ ልጅ ሆኖ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ወላጆቹን እንዲያስመጣ መብት አልሰጠም። ዛሬ ለማጽናናት የተባለ ቃል ከዓመት በኋላ ውሸታም ያደርጋችኋል።

18 እስኪሞላው መጠበቅ

በ2014 የወጣው ሕግ ልጁና አሳዳጊው ከተስማሙ እስከ 21 ዓመቱ እዚያው ቤት እንዲቆይ ይፈቅዳል። ብዙ ልጆች ይህን አያውቁም፤ የልደታቸው ቀን ሻንጣ ይዘው የሚወጡ ይመስላቸውና 17 ተኩል ላይ መረበሽ ይጀምራሉ። ክፍያው 18 ሲሞላው ስለሚቀየር ካውንስሉን ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ። 16 ዓመት ሲሞላው የሚዘጋጀው የወደፊት ዕቅዱ ውስጥ "እዚህ ቤት መቆየት እፈልጋለሁ" የሚለው በራሱ አንደበት ይግባ፤ በየስድስት ወሩ ስብሰባ ላይም ተነሥቶ ይመዝገብ።