ፊቴን ያስቆጣው «ተፈጥሯዊው» ነበር

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ አቧራውና ፀሐዩ ፊቴን አደረቀው። ኬሚካል ልሽሽ ብዬ ሎሚ በማር መቀባት ጀመርኩ። «100% ተፈጥሯዊ» የሚል፣ ሽታው የሚያውድ ክሬምም ገዛሁ። በሳምንቱ ጉንጬ ቀላ፤ ያቃጥለኝ ጀመር።

የሎሚ ጭማቂ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው፤ የጤናማ ቆዳ ግን 5 ገደማ። በዚያ ላይ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል። የክሬሙን ጀርባ ሳነብ ደግሞ የላቬንደርና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት አለበት። ከተክል ቢመጣም ሽቶ ያው ሽቶ ነው፤ ስስ ቆዳን ያስቆጣል።

ሁሉንም አቆምኩ። ለ2 ሳምንት ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ ፊቴ እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ መቀባት፣ በቃ። ቅላቱ ጠፋ።

ከዚያ ጎረቤቴ ከማሰሮዋ ቆርጣ የሰጠችኝን እሬት ሞከርኩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ያሳክካል። አቁማችሁ አንጠፍጥፉት፣ እጠቡት፣ ከዚያ ውስጡ ያለውን ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ ውሰዱ። እኔ ፊቴን ከመንካቴ በፊት ሳምንት ሙሉ ክንዴ መታጠፊያ ላይ ቀባሁት። ምንም አላለኝም። አሁን እሱንና ቫዝሊኑን ብቻ ነው የምጠቀመው፤ ቀን ስወጣ ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ።