መምህርና የጥበብ ባለሙያ አብረው እንዲያስተምሩ ማሠልጠን

መምህራንን ለብቻ፣ የጥበብ ባለሙያዎችን ለብቻ ማሠልጠን አያዋጣም። መምህሩ ስለ ሙዚቃ ገለጻ ሰምቶ ይሄዳል፣ ሙዚቀኛውም ስለ ማስተማር ዘዴ ሰምቶ ይሄዳል፤ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ግን አይተዋወቁም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ አንድ መምህር ከአንድ ባለሙያ ጋር ይጣመር። ለአንድ አሠልጣኝ ከ6 እስከ 8 ጥንድ ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ ሁሉንም ዞሮ ማየት ያስቸግራል።

የመጀመሪያው ግማሽ ቀን የመሞከሪያ ነው። መምህሩ ጭቃ ያቡካ፣ ከበሮ ይምታ፤ ባለሙያው ደግሞ የክፍሉን መማሪያ መጽሐፍ ገልጦ ተማሪዎች የት ላይ እንደሚሰናከሉ ከመምህሩ ይስማ። ጊዜ አጠረ ተብሎ ይህ እንዳይዘለል። ራሱ ያልሞከረ መምህር፣ ተማሪው ሲቸገር ምን እንደሚለው ይጠፋዋል።

በሁለተኛው ግማሽ ቀን እያንዳንዱ ጥንድ አንድ የ45 ደቂቃ ትምህርት ያቅዳል። መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ “ተማሪዎቹ ያልገባቸው ምንድን ነው?” የሚለው ነው፤ “ምን እንሥራ?” ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሒሳብ መምህርና ሙዚቀኛ ክፍልፋይ መደመርን መረጡ እንበል። ሙዚቀኛው ከበሮው ላይ እኩል 8 ምት እየደጋገመ ይመታል፤ 8ቱ ምት አንድ ሙሉ ነው። 1/2 ሲባል አንዴ አጨብጭቦ አራት ምት እስኪሞላ መጠበቅ ነው፤ 1/4 ሁለት ምት፣ 1/8 አንድ ምት ይይዛል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ድምሩ 1 የሚመጣ ቅንብር ጽፈው፣ ሳያቋርጡ ደጋግመው ያጨበጭባሉ። 1/2 + 1/4 + 1/8 ብሎ የጻፈ ቡድን 7/8 ላይ ያልቅበታል፤ ሁለተኛውን ዙር ከከበሮው አንድ ምት ቀድሞ ይጀምራል። ስሕተቱን ማንም ሳይነግራቸው በጆሯቸው ይሰሙታል። መምህሩ ያኔ “ስንት ጎደለ?” ብሎ ይጠይቅ። ከበሮው ቢወጣ ትምህርቱ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ ግን ሙዚቃው ለጌጥ ነው የገባው፤ ዕቅዱ እንደገና ይሠራ።

ዕቅዱ ላይ በየደቂቃው ማን ምን እንደሚሠራ ይጻፍ። ቀለም ወይም ጭቃ ካለ የመጨረሻው 10 ደቂቃ ለማጽጃ ይቀመጥ፤ አብዛኛው ጥንድ የሚረሳው ይህንን ነው፤ ሲረሳም ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይበላል።

ሌላው የተለመደ ችግር፣ ባለሙያው ሲያስተምር መምህሩ ኋላ ተቀምጦ ደብተር ማረሙ ነው። ግዴለሽ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሥራ ስላልተሰጠው ነው። ስለዚህ መምህሩ ሦስት ተማሪዎችን ተከታትሎ የሚናገሩትን ቃል በቃል ይጻፍ። ከአራት ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያውን ባለሙያው ይምራ፣ ሁለቱን ይከፋፈሉት፣ አራተኛውን መምህሩ ብቻውን ያስተምርና ባለሙያው ይመልከት። ይህ ካልሆነ ባለሙያው ሲሄድ ሥራውም አብሮት ይሄዳል።

በሳምንቱ ውስጥ ጥንዶቹ የሦስት ተማሪ ሥራ ይዘው ይገናኙ፦ የገባው፣ በከፊል የገባው፣ ጨርሶ ያልገባው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተው ፕሮጀክት ዜሮ የተባለ የትምህርትና የጥበብ ጥናት ቡድን ያስፋፋው ቅደም ተከተል እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል፦ ምን አያለሁ? ምን አስባለሁ? ምን ያጠያይቀኛል? የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ለማየት ብቻ ናቸው፤ “ጎበዝ ነው” ከተባለ ውይይቱ እዚያው ይቆማል።

ክፍያው አስቀድሞ ይታሰብ። የሚከፈለው ለክፍል ሰዓት ብቻ የሆነ ባለሙያ ከዕቅዱም ከውይይቱም ይቀራል፤ ቢቀርም አይፈረድበትም። ለእያንዳንዱ የማስተማሪያ ሰዓት ቢያንስ አንድ የዝግጅት ሰዓት ውሉ ላይ ይግባ፤ ለመምህሩም ያው ሰዓት ከሌላ ሥራ ነፃ ይሁን።